ለወንድ ሕፃን የ1860ዎቹን ቀሚስ እንዴት እንደሰፋሁት

ወንድ ልጅ ቀሚስ ይለብሳል እንዴ? ወሬውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ስለሆነ እሱን ልመልስና ወደ መርፌና ክሩ እገባለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካም በእንግሊዝም፣ አዎ፣ ይለብስ ነበር። ሴቷም ወንዱም ከተወለዱ ጀምሮ ልብሳቸው ቀሚስ ነው። ወንዱ ሱሪ የሚታጠቀው አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ እስከ ስድስትና ሰባት ዓመት የቆዩም አሉ። ምክንያቱ ልጅ ላሳደገ ሰው ግልጽ ነው። ያኔ ላስቲክ የገባበት የልጅ ሱሪ የለም፣ ዚፕ የለም፣ የሚጣል ዳይፐር የለም። የሱሪውን ቁልፍ ራሱ መፍታት የማይችል ልጅ ሱሪ ቢታጠቅ መከራው የእናቱ ነው። ቀሚስ ግን ብድግ ይደረጋል፣ የሽንት ጨርቁ ይቀየራል፣ አለቀ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1884፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት የተነሳው ፎቶ አለ። ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ረጅም ፀጉሩ ወርዶ፣ ላባ ያለበት ባርኔጣ ይዞ ተቀምጧል። በዘመኑ የተለመደ የልጅ ልብስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ነው። ሥራዬ ልብስ ማስተካከል ነው፤ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ የሙሽራ ቀሚስ ማጥበብ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ደንበኛዬ ከባሏና ከዘመዶቿ ጋር የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ዘመን ኑሮ ለሕዝብ በሚያሳይ ቡድን ውስጥ ትሳተፋለች። ባልየው ከ1863 ጀምሮ በሰሜኑ ጦር፣ ማለትም ባሪያ አሳዳሪውን ደቡብ በወጋው የመንግሥት ጦር፣ ውስጥ የተዋጉትን ጥቁር ወታደሮች ዩኒፎርም ይለብሳል። እሷም የዘመኑን ቀሚስ ትለብሳለች። አሁን ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ አላቸው፤ የእሱንም ስፊልኝ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊ የሆኑ ጓደኞቼ ስለ አሠራሩ እየደጋገሙ ስለጠየቁኝ፣ የማውቀውን እንዳለ እዚህ አሰፍራለሁ።

እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። ጨርቁን ስቆርጥ አይታ፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ የወንድ ነው ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ፣ የወንድ ነው። ያኔ እንዲህ ነበር የሚለብሱት።"

ትንሽ አሰበችና፣ "እኛስ አገር ወንዶቹ እስኪጠነክሩ በሸሚዝ ብቻ አይደል ሲሮጡ የኖሩት፤ ሱሪ ማን ያለብሳቸው ነበር" ብላ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ጨርቅ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ልጁ የማን ልጅ ነው? የ1860ዎቹ ቀሚስ የሚባል አንድ ዓይነት ልብስ የለም። የሀብታም ልጅ አለ፣ የገበሬ ልጅ አለ፣ የባሪያ ልጅ አለ። ፍሬድሪክ ዳግላስ ራሱ ባርነት ውስጥ ያደገ ሰው ነው፤ ለባሪያ ልጆች በዓመት የሚሰጣቸው ሁለት ሻካራ ሸሚዝ ብቻ እንደነበረ፣ እሱ ካለቀ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ራቁታቸውን እንደሚሆኑ ጽፏል። ሱሪ የለ፣ ጫማ የለ። ስለዚህ ሽንሽኑ የበዛ፣ ቅምቅማቱ የሰፋ ቀሚስ በዚያ ዘመን ስለለበሰው ልጅ ብዙ ይናገራል። ጨርቅ አለን፣ ጊዜ አለን፣ ልጁም የራሳችን ነው ማለት ነው።

ደንበኛዬ የፈለገችው የነፃ ቤተሰብ ልጅ ልብስ ነበር። ሀብታም ያልሆነ፣ ግን ንጹሕ፣ እናቱ በእጇ የሰፋችለት። በዚህ ከተማ ደግሞ ነገሩ ትርጉም አለው። የሰሜኑ ጦር አሌክሳንድሪያን በግንቦት 1861 ከያዘ በኋላ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በብዛት ወደዚህ መጡ። ለእነሱ በ1864 የተከፈተው መቃብር ዛሬም እዚሁ ከተማ አለ፤ ከ1,700 በላይ ሰው ያረፈበት ነው፣ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። እኔ በመኪና ሳልፍ ስንት ጊዜ አይቼው ስለ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ይህንን ቀሚስ ስሰፋ ነው። ስለ ኤልዛቤት ኬክሊም ያኔ ነው በደንብ ያነበብኩት። ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ልብስ ሰፊ ናት። በ1855 የራሷንና የልጇን ነፃነት በ1,200 ዶላር ገዛች፤ የልብስ ሰፊነት ደንበኞቿ ያበደሯትን ገንዘብ በኋላ ሰፍታ ከፈለች። ከ1861 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ የፕሬዚዳንት ሊንከንን ሚስት ልብስ የምትሰፋው እሷ ነበረች። መርፌ ይዞ ለሚያድር ሰው ይህ ታሪክ ቀላል አይደለም።

ወደ ልብሱ። የወንድና የሴት ሕፃን ቀሚስ በአቆራረጥ አንድ ነው። ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚባለው ነገር ያኔ ገና አልጸናም፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። የድሮ ፎቶ ስታዩ ወንዱን የምትለዩት ብዙ ጊዜ በፀጉሩ ነው፤ የወንድ ፀጉር ወደ ጎን ይከፈላል፣ የሴት መሐል ለመሐል። ከፍ ላለ ልጅ ደግሞ ጌጡ ይለያል። የወንዱ ዳንቴል አይበዛበትም፤ ከትከሻ ወደ ወገብ በሰያፍ የወረደ ጥብጣብ ወይም የወታደር ልብስ የሚያስመስል ጥልፍልፍ ክር ይደረግበታል። እኔም የመረጥኩት ይህንን ነው፦ ሰማያዊና ነጭ ትንንሽ አራት ማዕዘን ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ከሁለቱ ትከሻዎች ወደ ወገብ መሐል በሰያፍ የሚወርድ ቀጭን ነጭ የጥጥ ጥብጣብ።

አራት ማዕዘኑ በሽመናው ውስጥ ያለ መሆኑን አረጋግጡ። ጨርቁን ገልብጡት፤ በሁለቱም ፊት አንድ ከሆነ የተሸመነ ነው። አንዱ ፊት ከደበዘዘ የታተመ ነው፣ ተዉት። መቶ በመቶ ጥጥ መሆን አለበት። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዛችሁ የዕቃ ማጠቢያው ላይ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ እየነደደ አልቆ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ደረቅ ጥቁር እንክብል ይሠራል። ይህ ለትክክለኛነት ብቻ አይደለም፤ ለልጁም ነው፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ከዚያ ጨርቁን ሳትቆርጡ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት። ጥጥ ይገባል። ሰፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሚገባ አሁን ይግባ።

አንዳንድ ሰው የሽሮ ሜዳ ሸማ ብጠቀምስ ብሎ ጠይቆኛል። ሸማ እወዳለሁ፣ ግን ለዚህ አይሆንም። ሽመናው ልል ስለሆነ ሽንሽኑ የሚሰበሰብበት ቦታ ላይ ክሩ ይንሸራተትና ስፌቱ ይከፈታል። አገር ቤት ያላችሁ ስስ ፖፕሊን ብትጠቀሙ ይሻላል። ክሩም የጥጥ ይሁን። የፖሊስተር ክር ከጨርቁ ይጠነክራል፤ ልጁ ሲጎትት ክሩ አይበጠስም፣ ጨርቁ ነው የሚቀደደው። የተበጠሰ ስፌት ይጠገናል፣ የተቀደደ ጨርቅ ግን እዳ ነው። ክሩን ከመስፋታችሁ በፊት ሰም ላይ አንዴ ሳብ አድርጉት። አይጠላለፍም፣ ቶሎም አይሳሳም።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ ልብስ ለልጁ ልክ ሆኖ አይሰፋም። እንዲያድግበት ተደርጎ ነው የሚሰፋው። የዛሬ የልጅ ልብስ ለሦስት ወር ነው፤ ካነሰ ይሰጣል ወይ ይጣላል። የዚያን ጊዜዋ እናት ጨርቁን በብዙ ድካም ነው ያገኘችው፤ ስለዚህ አንዱን ቀሚስ ዓመት ሁለት ዓመት ታስለብሰዋለች፣ ከዚያ ለታናሹ ታወርሰዋለች። ቁመቱ በእጥፋት ይቆጠባል፣ አንገቱ በሚሳብ ማሰሪያ ይጠብና ይሰፋል፣ ወገቡ ቁልፍ በማዛወር ይለቀቃል። ይህንን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ራሱን ይመራል። ሞዴል መግዛትም አያስፈልግም፤ ከብብቱና ከአንገቱ በስተቀር የሚቆረጠው ሁሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው።

የእኔን ልኬት ልስጣችሁ፣ ከልጃችሁ ጋር አስተያዩት። የልጁ ደረት ዙሪያ 47 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዱ 115 ሴንቲ የሆነ ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል በቂ ነው፣ እንዲያውም ይተርፋል። ለታችኛው ክፍል 50 ሴንቲ ቁመት ያለው አንድ ሙሉ ወርድና አንድ ግማሽ ወርድ ቆረጥኩ፤ ሲጋጠም ዙሪያው 170 ሴንቲ ገደማ ይሆናል። ከ50ው ሴንቲ ውስጥ የሚታየው 33 ብቻ ነው። 7 ተኩሉ ቅምቅማት ነው፣ 7 ተኩሉ በሦስት እጥፋት ውስጥ ተደብቋል፣ የቀረው ከወገቡ ጋር የሚሰፋበት ነው። ለላይኛው ክፍል ፊቱ 40 በ23፣ ኋላው ሁለት ቁራጭ እያንዳንዱ 21 በ23። እጅጌው 26 በ9፣ ሁለት። የወገቡ መቀነት ተሰፍቶ ሲያልቅ 54 ሴንቲ ነው። ለዚህ ልጅ ሰፊ ነው፣ ግን ከኋላ ስድስት ሴንቲ ያህል ይደራረባል፤ ሲያድግ ቁልፉን ማዛወር ብቻ ነው። ሌላ ልጅ ከሆነ ደረቱን ለኩና ሰባት ሴንቲ ጨምሩበት።

አለባበሱ ሲታሰብ ቀሚሱ እግር ላይ እንዳይረዝም ተጠንቀቁ። ገና ያልዳኸ ሕፃን እግሩን አልፎ የሚንጠለጠል ረጅም ቀሚስ ይለብስ ነበር። መዳህ ሲጀምር ግን ያጥራል፤ አለዚያ ጉልበቱ ጫፉን ረግጦት በአፍጢሙ ይደፋል። ለሚድህ ልጅ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ቢል ይበቃዋል።

መጀመሪያ ከታች ጀምሩ። ቁራጮቹን አጋጥማችሁ ስፉና ቅምቅማቱን ጨርሱ፣ ከዚያ እጥፋቶቹን ሥሩ፣ ወገቡን መጨረሻ ላይ። እጥፋት ስትሠሩ አራት ማዕዘን ያለው ጨርቅ ውለታው ብዙ ነው፤ መስመሩን ተከትላችሁ ማጠፍ ብቻ ነው። ነጭ ጨርቅ ከሆነ አንድ የአግድም ክር በመርፌ ጫፍ ያዙና ቀስ ብላችሁ ምዘዙት፤ ክሩ የወጣበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል፣ ከማስመሪያና ከጠመኔ የበለጠ ቀጥ ያለ ነው። በመስመሩ ላይ አጥፉት፣ በጥፍራችሁ ጫን እያላችሁ ሂዱበት፣ ከእጥፉ ጫፍ አንድ ሴንቲ ከሩብ ገባ ብላችሁ በትንንሽ ስፌት ስፉት። አንዱ እጥፋት ሁለት ሴንቲ ተኩል ቁመት ይበላል። ሲያልቅ ሁሉንም ወደ ታች ተኩሷቸው። እዚህ ላይ ስፌታችሁ በጣም ጥብቅ አይሁን፤ አንድ ቀን የሚፈታ ነው፣ እንዲፈታም ነው የተሰፋው።

ሽንሽኑ ላይ ጊዜ ስጡ። የቀሚሱ መልክ እዚህ ነው የሚወሰነው። 170 ሴንቲውን ጨርቅ በ54 ሴንቲ መቀነት ውስጥ ማስገባት ማለት ሦስት እጥፍ መሰብሰብ ነው። በማሽን ረጅም ስፌት ሰፍቶ መሳብ ይቻላል፣ ግን ወጣ ገባ ይሆንና ክምር ይሠራል። በእጃችሁ ሁለት መስመር ስፌት ስፉ፤ ሁለቱ በግማሽ ሴንቲ ተራርቀው፣ የላይኛው ስፌት መርፌ የገባበት ቦታ ከታችኛው ጋር ትክክል ለትክክል መሆን አለበት። ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ስትስቡ ጨርቁ ቀጥ ያሉ ትንንሽ ሽንሽኖች ይሠራል። ከዚያ ክሩን ስፒል ላይ ጠምጥማችሁ ያዙና በሌላ መርፌ ጀርባ እያንዳንዱን ሽንሽን ከላይ ወደ ታች ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ አስተኙት። እናቴ ይህንን ሥራ ወሰደችብኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እያንዳንዷን ሽንሽን እየለየች፣ እያስተካከለች፣ ስትጨርስ ሁሉም እኩል ቆመው ነበር። ከመቀነቱ ጋር ስታያይዙት እያንዳንዱን ሽንሽን ለብቻው በአንድ ስፌት ያዙት። ያደክማል። ግን ከእንግዲህ አይላቀቅም።

ብብቱ ዙሪያና የመቀነቱ ላይና ታች ጠርዝ ላይ በውስጡ ቀጭን ገመድ ያለበት ጠርዝ ይገባል። የ1840ዎቹንና የ60ዎቹን ልብስ ከሌላው ዘመን የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው፣ ሰው ሲያየው ጌጥ ይመስለዋል። ጌጥ ብቻ አይደለም። ልጁን በብብቱ ይዛችሁ ስታነሱት ጭነቱ የሚያርፈው እጅጌው ስፌት ላይ ነው፤ ገመዱ ያንን ይሸከማል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከጨርቁ ላይ በሰያፍ ሁለት ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው ቀጭን ቁራጭ ትቆርጣላችሁ፣ መሐሉ ላይ ወፈር ያለ የኪሮሽ ክር ታስገቡና ታጥፉታላችሁ፣ ክሩን ጠጋ ብላችሁ ትሰፉታላችሁ። ከዚያ በሁለቱ ጨርቆች መሐል ይገባና አብሮ ይሰፋል። በሰያፍ ካልተቆረጠ ብብቱ ላይ አይዞርም፣ ይጨማደዳል።

አንገቱ ሰፊና ዝቅ ያለ ነው፤ በድሮ ፎቶዎች ላይ የሕፃናቱ ትከሻ እንዳለ ይታያል። ጫፉን አጥፋችሁ ማሰሪያ የሚያልፍበት መንገድ ትሠራላችሁ፣ ቀጭን የጥጥ ማሰሪያ ታስገባላችሁ፣ ከኋላ ይታሰራል። እዚህ ላይ ግን ከዘመኑ አሠራር ወጣ ማለት አለብን፣ በዚህ ደግሞ ከማንም ጋር አልደራደርም። የአንገት ገመድ ልጅ ያንቃል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ1996 ባወጣው መመሪያ የልጆች ጃኬትና ሹራብ ላይ የሚሳብ የአንገት ገመድ እንዳይኖር የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ማሰሪያውን ከፊት መሐል ላይ ከጨርቁ ጋር ሰፋሁት፣ ተጎትቶ እንዳይወጣ። ከኋላ የሚወጣው ጫፍ አንዴ ለመቋጠር ብቻ የሚበቃ ነው፣ ቋጠሮውም ወደ ውስጥ ይገባል። ልጁ ሊተኛ ሲል ቀሚሱ ይወልቃል። እናቲቱም ይህንን ስነግራት ወዲያው ተስማማች።

ቁልፍም እንዲሁ። በዘመኑ ትንንሽ ነጭ የሸክላ ቁልፎች በሰፊው ይሸጡ ነበር፤ አሠራሩ በ1840 እንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብት የተሰጠው ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ስለነበር ድሃውም ይጠቀምበት ነበር። ዛሬም አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ይገኛሉ። ከኋላ መቀነቱ ላይ ሁለቱን አደረግኩ፤ እያንዳንዱን ደጋግሜ ሰፍቼ፣ ሥሩን በክር ጠምጥሜ፣ በኃይል ጎትቼ ሞከርኩት። ፊት ለፊት፣ አፉ በሚደርስበት ቦታ፣ አንድም ቁልፍ አላደረግኩም። መርፌ ቁልፍስ? ዋልተር ሀንት የፈጠረው በ1849 ስለሆነ ለዘመኑ ልክ ነው፣ ግን ከሚድህ ልጅ ልብስ ላይ ባይኖር እመርጣለሁ።

በእጅ ልስፋ ወይስ በማሽን? ይህ ሁልጊዜ የሚነሳ ክርክር ነው። የልብስ ስፌት ማሽን ያኔ ነበር። ኤልያስ ሀው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር በ1851 የባለቤትነት መብት አውጥተዋል። ስለዚህ በ1863 የተሰፋ ቀሚስ ላይ የማሽን ስፌት ቢታይ ስህተት አይደለም። ረጅሙንና ቀጥ ያለውን፣ የጎንና የታች መጋጠሚያውን፣ በማሽን ሰፍታችሁ የሚታየውን በእጅ ብትጨርሱ ማንም አይወቅሳችሁም። ዚግዛግና ኦቨርሎክ ግን በፍጹም። የውስጡ ጠርዝ ታጥፎ ይዘመዘማል፣ ወይም አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠቅልሎ ይሰፋል። ለሕፃን ቆዳም የሚሻለው ይኸው ነው፤ የኦቨርሎክ ክር ይኮሰኩሳል። እኔ ሁሉንም በእጅ ነው የሰፋሁት፤ ከዕለት ሥራዬ በኋላ ማታ ማታ፣ የማሽኑ ድምፅ ሳይኖር። በአንድ ኢንች ውስጥ ከስምንት እስከ አሥር ስፌት ካገባችሁ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የሚያማምሩ የድሮ ሥራዎች አሉ፣ ግን ለአዘቦት ቀሚስ አያስፈልግም።

ከሥር ምን ይለበስ? ቀሚሱ ብቻውን ልጁ ላይ ሲደረግ ይልፈሰፈሳል፣ ሽንሽኑም አይነሳም። ከሥር ነጭ የጥጥ ጉርድ ከነደረቱ ያስፈልገዋል፤ አቆራረጡ እንደ ቀሚሱ ነው፣ እጅጌ የለውም፣ ከቀሚሱ ሁለት ሴንቲ ያህል ያጥራል። በዘመኑ አለባበስ ከሱፍ ፍላኔል የተሠራ ሌላ ጉርድ ይጨመራል፣ ብርድ ከሆነ። ዳይፐሩን በተመለከተ የዛሬውን አድርጉለት። ከላዩ ነጭ የጥጥ ቁምጣ ከደረባችሁበት ሲድህም አይታይም።

ስለ እሳት የምለው አለ። እነዚህ ዝግጅቶች ላይ ከቤት ውጪ እሳት ይነዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ምግብ ይበስላል። ስስ ጥጥ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ በዚያ ዘመንም ብዙ ሴቶችና ልጆች ልብሳቸው በእሳት ተያይዞ አልቀዋል። ፖሊስተር ደግሞ ይባስ፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ቅድም ያልኳችሁ የክሩ ምርመራ ለዚህ ጭምር ነው። ሱፍ ከሁሉም ይሻላል፣ በቀላሉ አይቀጣጠልም። እናት ልጁን ይዛ እሳቱ አጠገብ የምትቀመጥ ከሆነ ከላይ የሱፍ ጋቢ ነገር ይደረብለት፤ የሚድህ ልጅ ግን እሳቱ ካለበት ጭራሽ መራቅ አለበት።

ለክርስትና ነጩን ረጅም ቀሚስ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ አሠራሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጨርቁ ይሳሳል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ይደርሳል፣ ጌጡ ነጭ በነጭ ጥልፍ ነው። በስኮትላንድ ኤርሻየር የሚባል አገር ሴቶች በቤታቸው የሚሠሩት የታወቀ ጥልፍ ነበረ፤ ከፊት ለፊት ከደረት እስከ ወገብ እየጠበበ፣ ከወገብ እስከ ታች እየሰፋ የሚወርድ። ሥራው የቆመው የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት የጥጡን አቅርቦት ሲያቋርጠው ነው። የእኛ ወንዶች በአርባ ቀናቸው ሲነሱ ነጭ እንደሚለብሱ ሁሉ እነሱም ነጭ ነው። ነጭ የተመረጠው ግን ለክርስትናው ብቻ አይደለም። የዚያን ጊዜ ቀለም ብዙው እጥበት አይችልም፤ ነጭ ግን ይቀቀላል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይነጣል። ሕፃን የሚያቆሽሸውን የምታውቁ ትረዱታላችሁ።

እጥበቱን በተመለከተ፣ ባለ ቀለሙን ለብ ባለ ውኃ፣ በእጅ፣ ቀለል ባለ ሳሙና እጠቡ። አትጠምዝዙት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። እርጥበቱ ሳያልቅ ከውስጥ በኩል ተኩሱት፤ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ፣ ሽንሽኑን ደግሞ የካውያውን ጫፍ ወደ ወገቡ እየገፋችሁ። ሽንሽን ላይ ካውያውን ዘርግታችሁ ከተጫናችሁት ያ ሁሉ ሥራ ይተኛል።

ልጁ ሲያድግ ከላይኛው እጥፋት ጀምራችሁ ፍቱ። ክሩን ከውስጥ በኩል በጥቂቱ እየቆረጣችሁ አውጡት፣ ጨርቁን አትጎትቱት። እጥፉ የነበረበት ቦታ ላይ መስመር ይቀራል። ውስጡ ያልደበዘዘ ስለሆነ ጠቆር ይላል፣ ጫፉ ደግሞ ይነጣል። በእጥበት አይጠፋም። የዘመኑም እናቶች ይኸው ገጥሟቸው ነበር፤ መስመሩ ላይ ጥብጣብ ይሰፉበታል፣ በቃ። ስለዚህ ደረቱ ላይ የምታደርጉትን ጥብጣብ ስትገዙ ሦስት ዙር የሚሆን፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ያህል፣ ጨምራችሁ ግዙና ከቀሚሱ ጋር አብራችሁ አስቀምጡት። እኔ ጠቅልዬ ከተረፈው ጨርቅና ከአንድ ቱባ ክር ጋር በትንሽ ከረጢት ለእናቲቱ ሰጥቻታለሁ፤ የመጀመሪያውን እጥፋት ለመፍታት በሚቀጥለው በጋ ይዛው ትመጣለች።